እኔና አንባቢው ማሽን

በአሥር ዓመቴ ሥራ ነበረኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምር ሥራ ነው። የአጎቴ የጋሼ ጅሬኛ ዓይን ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከአልጋው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ እልና አነብለታለሁ። የማነበው ደግሞ ተረት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው! «ይርጋ» በሉኝ፣ «ዋስትና» በሉኝ፣ እንጦጦ ላይ እንደ እኔ አፉን ሞልቶ የሚጠራው ልጅ አልነበረም። ትርጉሙን ብትጠይቁኝ ግን አንዱንም አላውቀውም።

ጋሼ ጅሬኛ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ልጅ እያለ በያዘው ሕመም ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። እሱ ግን ሕግ ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ እስኪያገኝ የኮሌጅ ተማሪዎችን እያስጠና፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ከእማማ ዘቢደር ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔን ከተራራው ጀርባ፣ ከገበሬ ወላጆቼ ቤት፣ ለትምህርት ብሎ ያመጣኝ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ስለነበረ አማርኛዬ ከ«ና» እና ከ«ሂድ» አያልፍም ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን አስተማሪዬ ጋሼን አስጠራችው። እኔ ከበር ውጭ ቆሜያለሁ። ከንግግራቸው የደረሰኝ «ልጅቷ» የሚለው ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ጋሼ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «ለሊሴ፣ ተቸግሬያለሁ። የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ። አንቺ ትሞክሪልኛለሽ?» አለኝ። ወይ ደስታዬ! እንኳን ሕግ፣ የክብሪት ቀፎ ላይ ያለ ጽሑፍ እየተንተባተብኩ የማነብ ልጅ፣ ደረቴን ነፍቼ «እሺ» አልኩ። ሰው ሲቸገር ዝም አይባልም ብዬ ነዋ።

አነባበባችን እንዲህ ነበር። እሱ አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ ሁለት እጆቹን ከጋቢው ሥር ከትቶ ያዳምጣል። እንጦጦ ብርድ ነው፤ በርዶት ነው እላለሁ። እኔ እያንዳንዱን አራት ነጥብ ሳይቀር ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ከተሳሳትኩ ግን ወዲያው፣ «ተመለሺ፤ "ይችላል" ነው ወይስ "አይችልም"?» ይላል። መልሼ ሳየው «አይችልም» ነው። አንድ ቀን ሽንቴ ስለመጣ አንድ መስመር ዘለል አድርጌ ልጨርስ ስል፣ «መስመር ዘለልሽ» አለኝ። ክው አልኩ! በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ «የእኔ አጎት በጆሮው ያያል» ብዬ አወራሁ። ያላመነኝ አልነበረም።

ከአልጋው ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ካርቶን ነበር። ውስጡ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ሞልቶታል፤ ወረቀቱ ሁሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። አንድ ቀን የተበላሸ ወረቀት መስሎኝ አንዱን መዝዤ ድስት ላወርድበት ስል እጄን ያዘኝና፣ «ያንን ካርቶን ሁለተኛ እንዳትነኪ!» አለ። ጋሼ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዕቃ ነው ስላለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወረቀት በመርፌ ይወጋል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ስለ እህቴ ስለ ዳርቱ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የእኔ ፍርሃት አይገባችሁም። ዳርቱ ከእኔ በፊት ከተማ ገብታ ነበር። መሪ ኮንዶሚኒየም፣ ዘመድ ቤት፣ ሕፃን ልትይዝ። ሕፃኑ አድጎ መዋያ ሲገባ «በይ እንግዲህ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው ወደ አገር ቤት መለሷት። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ የዳርቱም ትምህርት እዚያው አበቃ። እኔ ከዚህ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው፤ ከተማ የሚያስቀምጥህ እስከፈለገህ ድረስ ነው። እኔ ግን ምን ቸገረኝ? ጋሼ ዓይን ሊያበቅል አይደል! ዕድሜ ልኬን ሥራ አለኝ ብዬ ኮራ ብዬ እኖር ነበር። አራተኛ ክፍልን ላጠናቅቅ አንድ ወር ሲቀረኝ ነው ጉዱ የፈላው።

አንድ ቀን ጋሼ ከከተማ ፊቱ በርቶ መጣና በረንዳ ላይ ለእማማ ዘቢደር ሲያወራ ሰማሁት።

«እማማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ሥራ አለ። "የሚያነብልህ ሰው አንመድብም፤ ፋይሉን ራስህ ማንበብ ከቻልክ ግን ናና አሳየን" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሰጥተውኛል።»

እማማ ዘቢደር የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ለሁሉ ነገር መፍትሔ የማያጡ ሴት ናቸው። «ታዲያ ለሊሴ አለችልህ አይደል?» አሉት።

አንገቴን ቀና አደረግኩ።

«የለም፣ እማማ። በልጅ ጫንቃ ሥራ አልገባም። ማሽኑ ነው ማንበብ ያለበት።»

ማሽን የተባለው ከውጭ በእርዳታ የተሰጠው አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ የበር ሳንቃ ያህላል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፤ እንግሊዝኛ ብቻ፣ ያም እየተኮላተፈ። አማርኛ የሚያነበው አዲሱ ፕሮግራም አሮጌው ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፤ አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያለ ማሽን ላይ አልገባም ይላል። ይህን ሁሉ ያኔ ያወቅኩት አይምሰላችሁ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ሳንቃ አማርኛ ካነበበ እኔ ዳርቱ ነኝ።

በነጋታው ክንዴን ይዞ ሾላ ገበያ ወረድን። ከበርበሬ ተራው ጀርባ ታዴዎስ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ላፕቶፑን ገልብጦ አየውና ሳቅ አለ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ማሽን እኮ ሽማግሌ ነው። አዲሱን ዊንዶውስ አይችልም። ኩባንያው ራሱ አይሆንም ብሏል።»

እኔ በሆዴ እሰይ ታዴዎስ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አልኩ።

ጋሼ ግን ቅንጣት አልደነገጠም። «ኩባንያው ያለውን ሰምቻለሁ። ስለ እኔም ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ነበር። ሜሞሪ ብቻ ሽጥልኝ፤ ሌላውን ራሳችን እንሞክራለን» አለው። ታዴዎስም ከሞተ ላፕቶፕ ላይ የነቀላትን ትንሽ ሜሞሪ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን። ስንመለስ ጋሼ መንገዱን በሙሉ ሲያፏጭ፣ እኔ ድንጋዩ ሲደርስ «ድንጋይ»፣ ቦዩ ሲደርስ «ቦይ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላልኩም።

«ራሳችን» የተባለችው ሒሩት ናት። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛው ነበረች፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ቅዳሜ ጠዋት የራሷን ላፕቶፕ በጀርባዋ አዝላ፣ ኪሷ ውስጥ ካቻቪቴ ይዛ መጣች። ቁመናዋ ያምራል፣ ሳቋ ግቢውን ይሞላል። ገላመጥኳት፤ አልገባትም፣ ጉንጬን ስማ ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላውን በላሁት፤ ጥላቻዬን ግን አልቀነስኩም።

ሳንቃውን አልጋው ላይ ዘርግታ ፈታችው። ከውስጡ የወጣው አቧራ ለአንድ ግድግዳ ልስን ይበቃል። ሜሞሪውን ሰካች፣ አዲሱን ዊንዶውስ ከፍላሽ ልታስገባ ሞከረች፤ ማሽኑ እምቢ አለ።

«ምን ይላል?» አላት ጋሼ።

«"ይህ ኮምፒውተር አይደገፍም" ይላል።»

«እና?»

«እሱ ብሎ ነው! ዘበኛው በፊት በር አላስገባ ካለ በጓሮ እንገባለና።»

ሃርድ ዲስኩን ነቅላ የራሷ ላፕቶፕ ውስጥ ከተተችው። የእሷ ማሽን አዲስ ስለሆነ አዲሱን ዊንዶውስ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለው። ከዚያ ዲስኩን መልሳ ሽማግሌው ውስጥ ልትከተው ነው፤ በጓሮ ማለት ይሄ ነው። እሱ እስኪጫን ድረስ ቁጭ ብለው ሲያወሩ እኔ በር ላይ ሆኜ ጆሮዬን ጣል አድርጌያለሁ። ዝናብ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ።

«ይሄ ከሠራ ለሊሴን...» አለ ጋሼ፤ ዝናቡ በላው።

«ነግረሃታል?»

«ገና ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እነግራታለሁ። ከዚህ ስትሄድ...» ዝናቡ አሁንም በላው።

«ታለቅሳለች» አለች ሒሩት።

«ትለምደዋለች» አለ ጋሼ።

ዛሬ ያንን ንግግር ሳስበው ያስቀኛል። ዝናቡ የበላቸው ቃላት «ፈረንሳይ ያለሽበት ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» የሚሉ ነበሩ። ሒሩት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ማለት ነው፤ ይሻላል፣ ይርቃል፣ ጓደኞቼን ትቼ መሄድ ግድ ነው፤ ለዚያ ነው «ታለቅሳለች» የተባለው። ያኔ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። አገር ቤት ደርሼ፣ ዳርቱ አጠገብ ቆሜ፣ ትምህርቴም እንደ እሷ አራተኛ ክፍል ላይ አብቅቶ ታየኝ።

ከሰዓት ላይ ዲስኩ ሽማግሌው ውስጥ ተመለሰ፣ ሶኬቱ ተሰካ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ የሚያምር ሥዕል ወጣ።

«በራ!» ብላ ሒሩት አጨበጨበች።

ጋሼ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ጠበቀ። «ታዲያ ለምን ዝም አለ?» አለ።

እውነትም ዝም ብሏል። ያ ሁሉ ብርሃን፣ አንዲት ድምፅ የለችም። የሽማግሌው ድምፅ ማውጫ ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚሆን ድራይቨር የለውም፤ ማለትም ሁለቱ የሚግባቡበት ፕሮግራም አልተሠራለትም። ለሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ጉድለት ነው። ለጋሼ ግን ዝም ያለ ማሽንና የእውነት ሳንቃ አንድ ናቸው። ሒሩት ላብ በላብ ሆነች። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደ፤ «እንግዲህ ሞክረናል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ግን ጋሼ እንዲያ ሲሆን አይቼው ስለማላውቅ ደስ አላለኝም። «ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» ብዬ እጁን ያዝኩት። እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

«አቁም እስቲ፣ ደግሞ ምን ተስፋ ያስቆርጥሃል?» አለች ሒሩት። «የድሮው ድራይቨር አሮጌው ፋይልህ ውስጥ አለ። በግድ አስገባዋለሁ።» ማሽኑ ሦስት ጊዜ እምቢ አላት፣ ሦስቴም ተሳደበችው። በአራተኛው ማሽኑ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ኽርር አለና፣ አፍንጫው በታፈነ ወፍራም ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

እማማ ዘቢደር ከጓሮ እየሮጡ መጡ። «በስመ አብ! ማነው ክፍል ውስጥ ያለው ሰውዬ?»

ጋሼ ያንን ቀን የሳቀውን ሳቅ ዛሬም አልረሳውም። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። «እኔ እበልጠዋለሁ» አልኩ። «በሉ እስቲ ተወዳደሩ!» አለ ጋሼ። አንድ ገጽ ሕግ ለእኔ፣ ያው ገጽ ለማሽኑ። እኔ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጋሼ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ፍጥነቱን ጨመረበት፤ ማሽኑ እንደ ወፍ እየተንጫጫ ጨረሰው። እኔ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ጋሼ ግን ሁሉንም ሰምቷል፤ ደገመው። ተሸነፍኩ። ባሕር ዛፉ ሥር ሄጄ እንባዬ እስኪያልቅ አለቀስኩ።

የፈተናው ቀን ሳንቃውን የተሸከምኩት እኔ፣ ጋሼን ክንዱን ይዤ ያደረስኩት እኔ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ለእኔ ጥግ ላይ ወንበር ሰጡኝ። አንደኛው ሰውዬ ፍላሽ ሰጠውና፣ «አቶ ጅሬኛ፣ ይህንን ፋይል አንብበው አስተያየትዎን ይስጡን» አለው።

ጋሼ ከፈተው። ማሽኑም፣ «ኤች ኪው ኮማ ኤክስ ኤክስ ስላሽ ዜድ» ብሎ ጀመረ።

ሰዎቹ ተያዩ። እኔ ካለሁበት ስክሪኑ ይታየኛል፤ ጽሑፉ ጥርት ያለ አማርኛ ነው! ነገሩ፣ ፋይሉ የተጻፈው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ለዓይን አማርኛ ያሳያል፣ ከሥሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው ያለው። ማሽኑም ያየውን ነው ያነበበው። እኔ ይህን ከየት አውቄ! ማሽኑ አበደ አልኩ። ሰውዬው «እንግዲህ...» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ ብድግ አልኩ።

«እኔ ላንብበው! አየዋለሁ! "ከሳሽ" ነው የሚለው...»

«ተቀመጪ፣ ለሊሴ» አለ ጋሼ።

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እኔን ግን በጥፊ ከመመታት በላይ ተሰማኝ። ዓይኑ አይደለሁም ማለት ነው። ተቀመጥኩ።

ጋሼ ሳይቸኩል ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አንቀሳቀሰ። ሒሩት አስቀድማ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ ጠርጥራ፣ የድሮውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ የሚለውጥ ፕሮግራም አስገብታለት ነበር። ማሽኑ አሰበ፣ ጋለ፣ ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ ጮኸ። ከዚያ በታፈነ አፍንጫው፣ «ከሳሽ ባቀረቡት አቤቱታ» ብሎ ጀመረ። ጋሼ ሰምቶ ሲጨርስ መልሱን በቃሉ ዘረገፈላቸው፤ የይርጋው ነገር ሲነሳ እንኳ አንቀጹን ቁጥሩን ጠርቶ ነው። ሰውዬው ሳይወድ ሳቀ።

«ይሄ ማሽን ለመሆኑ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሥራ ከፈለግኩበት ዘመን ትንሽ ይበልጣል» አለ ጋሼ።

በዚያው ሳምንት ቀጠሩት። እማማ ዘቢደር እልልታቸውን ሲለቁት ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ። እኔ ክፍል ገባሁና ልብሶቼን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ዩኒፎርሜን ግን አጥፌ አልጋው ላይ ተውኩት፤ እሱ የገዛልኝ ስለሆነ። ሰው ሳያባርረኝ ራሴ በክብር ልሂድ ብዬ ጫማዬን አሥሬ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ኩራቴ እንዲህ ነበር።

ጋሼ ከሒሩት ጋር ገባና የጫማዬን ኮሽታ ሰማ። «ለሊሴ? ክፍል ውስጥ ጫማ አድርገሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«አገር ቤት ነዋ። ማሽኑ ያነብልሃል። እንደ ዳርቱ "በይ እንግዲህ" እስክትለኝ አልጠብቅም።»

ሒሩት አፏን ያዘች። ጋሼ እየዳሰሰ መጥቶ ፌስታሉን አገኘው፤ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጥግ ላይ ብቻውን ሲያነበንብ የነበረውን ላፕቶፕ ከሶኬት ነቀለው፤ ማሽኑ ቃሉን ሳይጨርስ ጸጥ አለ።

«ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ነው» አለ። «አንቺ የቤቴ ነሽ። መስከረም ላይ ፈረንሳይ፣ ሒሩት ጋ ነው የምትማሪው። አሁን ጫማሽን አውልቂ። የት ላይ ነበርን?»

መጽሐፉን አነሳሁ። እሱ ጋቢውን ስቦ፣ እጆቹን ከሥሩ ከትቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠኝ። እንባዬ ፊደሉን ያደበዝዝብኛል። ቃል ገደፍኩ፣ «ይችላል» እና «አይችልም» ቀላቀልኩ፣ መስመርም ዘለልኩ መሰለኝ። የሚገርመው ግን ያን ቀን አንድም ጊዜ «ተመለሺ» አላለኝም።

አሁን ሕግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምን ይደንቃል፣ በስምንት ዓመቴ የጀመርኩት ነው። ባለፈው ወር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፊሊጶስ የሚባል ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቦርሳውን ከፈተና ወፍራም ቡናማ ወረቀት አወጣ፤ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል። ጣቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬዳል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«እያነበብኩ ነዋ! ብሬል አይተሽ አታውቂም?»

ብሬል የሚባል ነገር እንዳለ ስሙን ሰምቻለሁ። በዓይኔ ግን አላየሁትም። ወይም አላየሁትም ብዬ አስብ ነበር። መጽሐፌን እንደተከፈተ ትቼው በታክሲ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በረርኩ።

ጋሼ በረንዳው ላይ ነበር። ሒሩት፣ ዛሬ ሚስቱ፣ ልብስ ታሰጣለች። ሰላምታም ሳልሰጥ ገብቼ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና ጭኑ ላይ ዘረገፍኩት።

«ይሄ ምን ይላል?»

በጣቱ ዳሰስ አደረገው። ሳቁ መጣ። «የፍትሐ ብሔር ሕግ። አራት ዓመት በእጄ ወግቼ የጻፍኩት። ድስት ልታወርጂበት ነበር።»

«ከጋቢው ሥር... አንተ እኔ ሳነብ ከጋቢው ሥር በጣትህ ትከተለኝ ነበር!»

«አሁን ገና ነው የደረስሽበት? እኔማ ብልህ ልጅ ያሳደግኩ መስሎኝ!»

ከዚያ ነገረኝ። ያን ጊዜ አስተማሪዬ «ልጅቷ ማንበብ አልቻለችም፤ ክፍል መድገሟ አይቀርም» ብላው ነበር። «ላስጠናሽ ብልሽ ታፍሪ ነበር» አለኝ። «ተቸግሬያለሁ ስልሽ ግን ደረትሽን ነፋሽ። በብሬል የነበረኝ ይሄ ብቻ ስለሆነ ነው ሕጉን የጫንኩብሽ፤ ተረት ቢኖረኝ ተረት ነበር።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ዓይኑ ነኝ ብዬ የኮራሁት እኔ፣ በእሱ ጣት ነበር ፊደል የቆጠርኩት። ከማሽኑ ጋርም የተጣላሁት ለከንቱ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ።

«ጋሼ፣ ፌስታሌን ይዤ የተቀመጥኩ ቀን ብዙ ተሳሳትኩ። ለምን አላረምከኝም?»

እጆቹን አንድ ላይ አፋተጋቸው፤ በርዶት አልነበረም።

«ያን ቀን ከጋቢው ሥር ወረቀት አልነበረም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ታዳምጥ ነበር?»

«አንቺን ነዋ።»